ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ፦ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ከሙያ ፈቃድ ጋር ይያያዝ

ለጤና ሚኒስቴር የበላይ ኃላፊዎች፣

በሕክምና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያገለገልኩ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በይፋ ለመጻፍ ያነሳሳኝ በየጊዜው ውል እየታደሰላቸው የሚቀጥሉት የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አገልግሎቶች ሕመምተኛውን በሚያክመው ባለሙያ እጅ ሳይደርሱ መቅረታቸው ነው።

የችግሩ ሥር መግቢያው የሚሰጥበት መንገድ ነው። በግዢ የሚገኙት ጆርናሎችና የመረጃ ቋቶች በአብዛኛው የሚከፈቱት የተቋሙን የኔትወርክ አድራሻ እየለዩ ስለሆነ፣ ከግቢው የወጣ ሰው ከአገልግሎቱም ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሳታሚዎች ጋር የጀመረውና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሀገሮች በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚቀርበው ሂናሪ የተባለው የጤና ጆርናሎች ማግኛ ፕሮግራምም ቢሆን ምዝገባው በተቋም ስም ነው። በዚህ ምክንያት በትምህርት ላይ ሳለ ያሻውን ጽሑፍ ሲያነብ የነበረ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ፋርማሲስት ተመርቆ ወደ ትንሽ ጤና ተቋም ሲመደብ፣ ማለትም የሚያማክረው ሰው በሚያጣበት ጊዜ፣ ቤተ መጻሕፍቱንም አብሮ ያጣል። የቀድሞ ተማሪዎች በሌሊት ደውለው አንድ ጽሑፍ እንድልክላቸው ሲጠይቁኝ የውሉን ገደብ እየጠቀስኩ የመለስኳቸው ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ትክክል ብሆንም አፍሬበታለሁ።

ጉዳዩ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማሳየት ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለተቃረቡ እናቶች የሚሰጠውን የኮርቲኮስቴሮይድ መርፌ ላንሳ። ሊጊንስና ሃዊ የተባሉ ሁለት የኒውዚላንድ ሐኪሞች መድኃኒቱ የጨቅላውን ሳንባ እንደሚያጎለብትና ሞትን እንደሚቀንስ የሚያመለክት ጥናት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1972 ነበር። ተከታታይ ጥናቶች ቢያረጋግጡትም፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ በስፋት እንዲሰጥ የመከረው በ1994 ነው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2015 በስድስት ሀገሮች የተሠራና የታችኛውን ጤና ተቋም ጭምር ያካተተ ጥናት፣ መድኃኒቱን በስፋት ማዳረስ በአጠቃላይ የጨቅላ ሕፃናትን ሞት እንደጨመረ አሳየ። በ2020 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ደግሞ የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ በታወቀበትና ተገቢ እንክብካቤ ባለበት ሆስፒታል ጥቅሙ ግልጽ መሆኑን አረጋገጠ። እንግዲህ የ1994ቱን ምክር ብቻ የያዘ ባለሙያ ለማይገባት እናት ሊሰጥ ይችላል፤ በ2015ቱ ላይ የቆመው ለሚገባት ይከለክላል። ሦስቱንም አግኝቶ ያነበበ ብቻ ለማን፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ ያውቃል።

የሕክምና ጽሑፎች የሚፈለጉበት ድረ ገጽ ፐብሜድ ለሁሉም ክፍት ነው የሚል መልስ ሊሰጥ እንደሚችል እገምታለሁ። እውነት ነው፤ ፐብሜድ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በነጻ ያገለግላል፣ ከ2000 ወዲህም ፐብሜድ ሴንትራል ሙሉ ጽሑፎችን ያቀርባል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ጽሑፎች ዛሬም ከአጽሕሮታቸው (ከአጭር ማጠቃለያቸው) በስተቀር ተዘግተው ይገኛሉ፤ ከላይ የጠቀስኩት ዓይነት ልዩነት፣ ጥናቱ የት እንደተሠራና የእርግዝናው ዕድሜ እንዴት እንደተለካ፣ በዝርዝር የሚገኘው ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ ነው። በአጽሕሮት ብቻ መድኃኒት ማዘዝን ማንኛችንም ለቤተሰባችን አንመርጥም።

የምጠይቀው ለውጥ ከዚህ በፊት ያልተሞከረ አይደለም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2006 ባቋቋመችው ብሔራዊ የጤና ኤሌክትሮኒክ ቤተ መጻሕፍት አማካይነት ውሉን በሀገር ደረጃ እየፈጸመች፣ በትልቅ ሆስፒታል የሚሠራውም በርቀት ያለውም ባለሙያ በእኩል እንዲጠቀም አድርጋለች። ሚኒስቴሩም እያንዳንዱ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው በፈቃድ ቁጥሩ ተመዝግቦ የትም ቢመደብ በስልኩ የሚገባበትን አንድ የጋራ መግቢያ ሊያዘጋጅ ይችላል። የፈቃድ መዝገቡ ስላለ አዲስ የማጣሪያ ሥርዓት መፍጠር አያስፈልግም፤ ፈቃዱ ሲታገድ መግቢያውም ይዘጋል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ለሚሠሩት ብሔራዊ የሕክምና መመሪያዎች ስልክ ላይ እንዲጫኑ ሆነው ይቅረቡ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የታደሰበት ቀን ይጻፍ። ቀን የሌለው መመሪያ ከመመሪያ አልባነት ይልቅ ያሰጋኛል፤ አንባቢው ያለ ጥርጣሬ ያምነዋልና።

አሳታሚዎች ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቃቸው አይቀርም። ነገር ግን ተቋማት በተናጠል ከሚደራደሩ ሚኒስቴሩ በሁሉም ስም ቢደራደር የተሻለ አቅም ይኖረዋል። ስለዚህ ቀጣዩ ውል ከመፈረሙ በፊት ከተቋም ውጭ የመጠቀም መብት በግልጽ አንቀጽ እንዲካተት፣ በድርድሩም ላይ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና በታችኛው ጤና ተቋም የሚሠሩ ባለሙያዎች እንዲገኙ፣ ሚኒስቴሩ በዚህ ጥያቄ ላይ የሚወስደውንም አቋም በይፋ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ