ጸጉርሽን ወደ ላይ እሠራሻለሁ

የኔ ማር፣

ትናንት የስፖርት ቦርሳሽን ላጥብ ስገለብጠው፣ የጆሮሽ መስሚያ መሣሪያ በካልሲ ተጠቅልሎ ከጫማሽ ውስጥ ወደቀ። ባትሪው ወጥቷል። ያለሱ እየተጫወትሽ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አልተቆጣሁም። ፊት ለፊት ብናገር እንባ ስለሚቀድመኝ ነው የምጽፍልሽ።

ስለ አንዲት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ልንገርሽ። ታሚካ ካቺንግስ ትባላለች። አባቷ ሃርቪም ኤንቢኤ፣ የአሜሪካ የወንዶች ሊግ ውስጥ የተጫወተ ሰው ነው። እሷ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ሲስቁባት መሮአት፣ አንድ ቀን ወደ ቤት ስትመለስ መሣሪያዎቹን አውልቃ ሣር ውስጥ ወረወረቻቸው። ወላጆቿም ሌላ አልገዙላትም። ለዓመታት የሰው ከንፈር እያየች ኖረች።

መሣሪያውን እንደገና እንድታደርግ ያሳመኗት ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አሰልጣኟ የነበሩት ፓት ሰሚት ናቸው። በመጀመሪያ ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ቡድኑ 39 ጨዋታ ተጫውቶ 39ኙንም አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ሆነላት እንዳትይኝ። በ2001 መጀመሪያ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። በዚያው ዓመት ኢንዲያና ፊቨር የሚባል የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ቡድን ቢመርጣትም ሙሉውን የውድድር ዘመን ሳትጫወት አሳለፈች። በ2002 ጀመረችና የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለች። 15 የውድድር ዘመን ያንኑ ማሊያ ለበሰች፤ የሊጉን ዋንጫ ግን እስከ 2012 ጠብቃ ነው ያገኘችው። የኦሎምፒክ ወርቅም አራት አላት።

እኔን የያዘኝ ግን መከላከሏ ነው። አምስት ጊዜ በመከላከል የዓመቱ ምርጥ ተብላለች። 1,074 ኳስ ነጥቃለች፤ በሊጉ ታሪክ እንደሷ የነጠቀ የለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰውን በዓይኗ ስታነብ የኖረች ልጅ ብትነጥቅ ምን ይገርማል? አንቺም ባለፈው ከዚያች ረጅም ልጅ እጅ ኳሱን ስትነጥቂ አይቻለሁ። ኳሱን ሳይሆን ዓይኗን ነበር የምታዪው። ወዲያው ግን ኮችሽ ሁለት ጊዜ ጠራሽ፣ አልሰማሽም። እኔ እንቢ ያልሽው መስሎኝ ነበር።

አሁን የኔን ልናገር። ትንሽ ሳለሽ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጸጉርሽን ጆሮሽ ላይ ለቅቄ ነበር የማበጥርሽ። ሹሩባ ስሠራሽም እንደዚያው። ሰው «ልጅሽ ምን ሆና ነው?» እንዳይለኝ። አንድ ቀን «እማ፣ ጆሮዬን ለምን ትሸፍኚዋለሽ?» አልሽኝ። «ብርድ እንዳይመታሽ» አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ ልጄ። መደበቅን ከኔ ነው የተማርሽው። ይቅር በይኝ።

ሳቅፍሽ መሣሪያው ሲጥ ይል የለ? ያንን ድምፅ እንዴት እንደምወደው ነግሬሽ አላውቅም።

ላብ እንዳያበላሸው፣ ስትሮጪም እንዳይወድቅ ምን እንደሚደረግ ሐኪምሽን እጠይቃለሁ። አዲስ ባትሪ ገዝቼ ማይክሮዌቩ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቀደም ብዬ እቀሰቅስሻለሁ። ደስ ካለሽ ጸጉርሽን ወደ ላይ ሰብስቤ፣ ጆሮሽን አውጥቼ እሠራሻለሁ።

እናትሽ