«የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የተባለው ለማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የአገልጋዮች ሥነ ምግባር በተነሳ ቁጥር አንድ ጥቅስ ይመዘዛል፤ «የቀባኋቸውን አትዳስሱ»። የመባው ገንዘብ የት ገባ ብሎ የጠየቀ ይነበብለታል። «ነቢዩ» ለምን ብቻዬን ቤቱ ጠራኝ ያለች እህትም ይነበብላታል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያደግሁ አማኝ ነኝ። የእግዚአብሔር ቃል አፍ ማዘጊያ ሲሆን ማየት ያመኛል።

እስቲ ጥቅሱ ያለበትን መዝሙር 105ን ከላይ ጀምረን እናንብበው። የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ነው። በቁጥር ጥቂት ሆነው ከአገር አገር ሲንከራተቱ እግዚአብሔር ስለ እነርሱ ነገሥታትን ገሠጸ ይላል። ደካሞቹን እንግዶች ከጉልበተኛ የጠበቀ ቃል ነው። ዛሬ ግን መድረክ፣ ማይክና ገንዘብ የያዘውን ከምእመን ጥያቄ እንዲጠብቅ ተደርጓል።

የተቀባን ሰው በማክበር ዳዊትን የሚያህል ማን አለ? በዓይንጋዲ ዋሻ ሊገድለው የሚያሳድደው ንጉሥ ሳኦል እጁ ገብቶለት አልነካውም፤ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ። ዝም ግን አላለም። ከዋሻው ወጥቶ ሰው ሁሉ እየሰማ በደሉን ነገረው። በኋላ ራሱ ነግሦ ሲበድል ነቢዩ ናታን መጥቶ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ዳዊትም የተቀባሁ ነኝና አትንካኝ አላለም፤ በድያለሁ አለ። ጳውሎስም ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃውሞታል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ የካህኑ የዔሊ ቤት ነው። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ በሴሎ ካህናት ነበሩ። መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው በሎሌያቸው በኩል፣ ስቡ ለእግዚአብሔር ሳይቃጠል ጥሬውን ሥጋ አምጣ ይሉት ነበር፤ እምቢ ያለውን በግድ እንወስዳለን ብለው ያስፈራሩታል። በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉ ሴቶች ጋርም ይተኙ ነበር። ዔሊ ይህን ሰምቷል፤ መክሯቸዋልም። ምክሩ ጥሩ ምክር ነበር። ከክህነታቸው ግን አላነሳቸውም። እግዚአብሔርም የፈረደበት እያወቀ ስላልከለከላቸው፣ ልጆቹንም ከእርሱ አብልጦ ስላከበረ ነው።

የኛስ አሠራር ከዚህ በምን ይለያል? ሽማግሌዎች አገልጋዩን ጠርተው ይመክራሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ፣ ይጸልያሉ። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ነው። ነገሩ ከጠነከረ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል፤ እዚያ ያሉት ምእመናን ምንም አይነገራቸውም። ይሄ ምሕረት አይደለም። ለተጎዱት ምሕረት ያላደረገ ለማን አደረገ ይባላል?

በእርግጥ በዩቲዩብና በቲክቶክ ስም የሚያጠፋውን ሁሉ ለቅድስና ቀንቷል አልልም። በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈልጋል፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ እንዲህ ጽፎለታል። ግን ንባቡን እዚያ አናቁም። ቀጥሎ ያለው በኃጢአት የሚኖሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው የሚል ነው። የመጀመሪያውን የሚጠቅሱ ብዙ ናቸው፤ ሁለተኛውን ከመድረክ ስሰማ ግን እምብዛም ነው።

ሰው ስንሾምም ያው ነን። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ስለ ኤጲስ ቆጶስ፣ ማለትም ስለ ቤተ ክርስቲያን መሪ፣ ከተዘረዘረው ውስጥ ችሎታ የሚባለው ለማስተማር የሚበቃ የሚለው ብቻ ነው። የቀረው ስለ ኑሮው ነው፦ ገንዘብን የማይወድ፣ የማይከራከር፣ ቤቱን በመልካም የሚያስተዳድር፣ በውጭ ባሉት ዘንድ መልካም ምስክር ያለው። እኛ ግን አዳራሹን ሞላው ወይ ብለን እንጠይቃለን። ጎረቤቱን፣ አከራዩን፣ የቤት ሠራተኛውን የጠየቀ አስመራጭ ኮሚቴ አላየሁም።

ነቢዩ ሳሙኤል ያደገው በዚያው በዔሊ ቤት ነው። ሸምግሎ በሕዝቡ ፊት ቆመና «የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንን አህያ ወሰድሁ? ማንንስ ሸነገልሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሕዝቡም ሲመሰክሩለት ንጉሡ ሳኦል ራሱ በዚያ ነበር። ልጆቹ ጉቦኞች ስለነበሩ የሳሙኤልም ቤት ንጹሕ አልነበረም፤ መጽሐፉ ይህንንም አልደበቀም። እርሱ ግን ራሱን ለጥያቄ አቀረበ።

መሪዎቻችን ይህንኑ ያድርጉልን። በዓመታዊው የአባላት ጉባኤ የሒሳብ ሪፖርቱ በውጭ ኦዲተር ተመርምሮ ይቅረብ። አገልጋዮችም ከሪፖርቱ በኋላ ቆመው የሳሙኤልን ጥያቄ ይጠይቁን። እጁን አውጥቶ የሚመልስ ምእመን ካለም፣ ያቺ ጥቅስ አትነበብበት።

አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከአዲስ አበባ