ጾሙ ካስቸገረሽ ቡንዲ ግዢ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለእናትሽ «እዚህ ህንድ፣ ፑኔ ከተማ ውስጥ የጾም መክሰስ ጠፋ» ብለሻት ሳቄ መጣ። በዓለም ላይ ህንድን የሚያህል ሽምብራ አምራች የለም፤ አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ትራቢያለሽ? ፋርሳን፣ ማለትም ጨዋማ መክሰስ፣ የሚሸጥበት ሱቅ ግቢና ቡንዲ በያቸው። አተር የምታክል፣ ቢጫ፣ ድብልብል ጥብስ ናት። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃና ጨው፤ ሌላው ቅመም ነው። እኔም እዚያ ስማር ጾሙን የገፋሁት በሷ ነው።

ብቻ ሳትጠይቂ እንዳትገዢ። በቴል ነው በጊ የተጠበሰው? ቴል ዘይት ነው፣ ጊ ደግሞ ያው የነጠረ ቅቤ። ጨዋማው ብዙ ጊዜ በዘይት ነው። ላዱ የሚሉት፣ ጣፋጩ ቡንዲ ተድቦልቡሎ የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜ ጊ አያጣውም። ቲሩፓቲ ያለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ላዱማ ስሙ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ማንም ሠርቶ በዚያ ስም አይሸጥም። እሱም ጊ አለበት፣ ለፋሲካ አቆዪው። እርጎ ውስጥ የሚነከረውንም ራይታ እንደዚያው።

ለእኔ ጨዋማው ይበልጣል። ጣፋጩ ሁለት ጭብጥ ከበሉት ያንገሸግሻል።

ራስሽ ልትጠብሺ ካማረሽ የላክንልሽን ሽሮ እንዳትነኪ! እሱ ተቆልቶ ቅመም ገብቶበታል። ቡንዲ የሚፈልገው ያልተቆላ የሽምብራ ክክ ዱቄት ነው፤ ቤሰን ብለሽ ግዢ። ሊጡን ቀጠን አድርገሽ በደንብ ምቺው። ብዙ ቀዳዳ ያለውን ጭልፋ ከጋለው ዘይት በላይ ያዢና ሊጡን አፍስሺበት። ጠብ ጠብ እያለ ይወርድና ወዲያው ነፋ ብሎ ይንሳፈፋል። ጠብታው ጭራ ካወጣ ሊጡ ወፍሯል፣ ከተጠፈጠፈ ቀጥኗል። ጭልፋውን በየዙሩ ጥረጊው፣ አለዚያ ቀዳዳው ይደፈናል። ጣፋጭ ካልሽ ደግሞ የስኳሩን ውሃ በሁለት ጣት ስትስቢው አንድ ክር እስኪያወጣ አፍይው። ሄል ጣል አድርጊና ቡንዲውን ንከሪበት።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ጨዋማውን ግማሽ ኪሎ ላኪልኝ። ጣፋጩ ይቅር፤ እናትሽ ስኳሬን እየለካች ቁም ስቅሌን ታሳየኛለች።

አባትሽ