ሰዓሊዋ የጠየቀችኝ 23 ጥያቄዎች

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። ምናባዊ ልብ ወለድ፣ በተለምዶ ፋንታሲ የምንለውን፣ የሚጽፉ የቀድሞ ተማሪዎቼ ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ወደ ቤቴ ይመጣሉ። ንባቡ አልቆ ቡና ሲቀርብ አብዛኞቹ የሚያነሡልኝ ጉዳይ አንድ ዓይነት ነው፤ «መምህር፣ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ በርካሽ የሚስልልኝ ሰው ያውቃሉ?» ይሉኛል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ «በርካሽ» የሚለው ቃል ነው። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት የራሴን ገጸ ባሕርይ ላሠራ ስነሣ በዚሁ ቃል ነበር የጀመርሁት፤ ያጠፋሁትንና በኋላ የተማርሁትን ብጽፍ ለእነርሱም ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ገጸ ባሕርይዋ ደመናሽ ትባላለች። ጅብራ በሚበቅልበትና ጭላዳ በሚውልበት የስሜን ተራሮች ውርጭ ውስጥ፣ ከገደል ሥር የሚወጣውን ጉም እንደ ጥጥ እያባዘተች በእንዝርት የምትፈትል የአሥራ አራት ዓመት እረኛ ናት። ከጉም የፈተለችው ክር የታሰረበት ሰው ከጠላት ዓይን ይሰወራል፤ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ግን እርሷ ከኖረችው ዘመን የአንድ ቀን ትዝታ ይጠፋባታል። ይህን ሁሉ እኔ በልቤ አውቀው ነበር። ለመጀመሪያው ሰዓሊ የላክሁለት ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «ቆንጆና ጀግና፣ ጠጉረ ረጅም ልጃገረድ ሳልልኝ፤ ከኋላዋ ተራራ ይኑር።» ዋጋውንም ተከራክሬ አስቀነስሁት።

ከሳምንት በኋላ የደረሰኝ ሥዕል በእጅ ሥራው እንከን አልነበረውም። ልጅቱ ጆሮዋ የሾለ፣ ጠጉሯ እስከ ወገቧ የወረደ፣ ካባዋ በነፋስ የሚውለበለብ፣ በእጇም ከቁመቷ የማይተናነስ ሰይፍ የያዘች ነበረች። ተናድጄ ደወልሁና ክፉ ቃል ተናገርሁት። ሰዓሊው አልመለሰልኝም፤ የላክሁለትን መልእክት ብቻ ቃል በቃል አነበበልኝ። በዚያ መልእክት ውስጥ ስሜን የሚል ቃል የለም፤ እንዝርት የሚል ቃል የለም፤ ጉምም የለም። እኔ ያልነገርሁትን ቦታ እርሱ በየፊልሙና በየጨዋታው ከሚታየው ሞላው እንጂ አላጠፋም። ይቅርታ ጠይቄ የተስማማንበትን ዋጋ ሳላጎድል ከፈልሁት። የሥራውን ግማሽ እኔው እንዳልሠራሁት የገባኝ ግን ወራት ቆይቶ፣ ሁለተኛዋን ሰዓሊ ካገኘሁ በኋላ ነው።

ይህች ሰዓሊ፣ ስመ ጥሩው ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው በሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረች ወጣት ናት። ዋጋ ከመናገሯ በፊት ረቂቁን እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ አንብባ ስትጨርስም 23 ጥያቄዎች ጽፋ ላከችልኝ። አንዳንዶቹ ቀላል ነበሩ። ከቀሩት አንዱን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣» ትላለች፣ «እናቷ የሞተችው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ በሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ነጠላ ለብሳለች ብለዋል። ጥለቱ ወደ ታች ነው ወይስ ዘቅዝቃ ለብሳዋለች?»

ጥያቄውን ሳነብ ረቂቁን አውጥቼ ምዕራፉን እንደገና ተመለከትሁት። በልጅቱ ቀን አቆጣጠር የእናቷ አርባ ገና አልወጣም። ሐዘንተኛ ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አውጥቶ እንደሚለብስ ከሕፃንነቴ ጀምሮ በየለቅሶ ቤቱ ያየሁ ሰው፣ የራሴን ልጅ እንደ በዓል ቀን አልብሻት ነበር። የጠጉሯም ነገር እንደዚሁ ሆነ። «ረጅም ነው ያሉት ስለሚያምር ነው ወይስ ምክንያት አለው? እናቷ ሞታ እንዴት አልተቆረጠችም?» የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነበርና፣ ሦስተኛውን ምዕራፍ ከሥር መሠረቱ አፍርሼ ጻፍሁት። የዛሬዋ ደመናሽ ጠጉሯ አጭር፣ ነጠላዋ የተዘቀዘቀ፣ ጥለቱም የጉም ቀለም ነው። አንባቢ ልጅቱ ማዘኗን አንድ ቃል ሳይነገረው ያውቀዋል።

የእንዝርቱ ነገር ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። እኔ የጻፍሁት «ከገደሉ አፋፍ ቀጥ ብላ ቆማ ጉሙን ፈተለች» ብዬ ነው። ሰዓሊዋ አያቷ ዘንድ ሄዳ ጥጥ ሲፈተል ስታይ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀመጠች፤ ከዚያ ያመጣችው የእርሳስ ንድፍ አሁንም በጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አለ። ግራ እጅ ከፍ ብሎ ባዘቶውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዟል፤ ክሩ ከዚያ ወርዶ ተወጥሯል፤ ቀኝ መዳፍ እንዝርቱን ጭን ላይ አሹሮ ገና መልቀቁ ነው፤ ጣቶቹ ገና አልታጠፉም። «አያቴ ተቀምጣ ነው የምትፈትለው፤ ጭን ያስፈልጋታል፤ ቆማ ከሆነች ይኼ እጅ ሥራ ፈት ይሆናል» አለችኝ። ስለዚህ ደመናሽን ከአፋፉ ላይ አስቀመጥናት፤ እግሮቿ ወደ ገደሉ ተንጠልጥለዋል፤ ከበታቿ ጉሙ ወደ ጣቶቿ እየተሳበ ይመጣል። ኃይል የሚባለው ነገር ሰይፍ ይዞ ከመቆም ይልቅ በዚያ ጸጥ ባለ አቀማመጥ እንደሚታይ እኔ ደራሲው አላሰብሁትም ነበር።

ዓይኖቿን የሳለችበትንም መንገድ ሳልጠቅስ አላልፍም። በቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ሲሳሉ፣ ርኩሳንና ከሓድያን አንድ ዓይናቸው ብቻ እንዲታይ በጎን ይሳላሉ። ሰዓሊዋ ይህን ሥርዓት ይዛ ደመናሽን በሁሉም ሥዕል ፊት ለፊት ሳለቻትና፣ ክሩን ለክፉ ሥራ ልትሸጠው በምትፈተንበት ምዕራፍ ብቻ ፊቷን ወደ ጎን መለሰችው። እንዲህ ያለ ቋንቋ በእጃችን እያለ የሾለ ጆሮ ከሩቅ የምናስመጣበት ምክንያት አይታየኝም።

የእኅቴ ልጅ ገንዘብህን አትጨርስ ብሎ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞክሮልኝ ነበር። በደቂቃ ውስጥ አራት ሥዕል ወጣ፤ ቀለማቸውም ያምር ነበር። ነገር ግን ከአራቱ አንዱም የእናቷ አርባ ወጥቷል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ለሰዓሊ የምንከፍለው ገንዘብ የቀለምና የሰዓት ዋጋ ብቻ ነው ብለን ስለምናስብ ነው ዋጋውን የምናራክሰው። እኔ ግን ለእነዚያ 23 ጥያቄዎች ብቻ ብከፍል እንኳ አልጎዳም ነበር፤ መጽሐፌን አርመውልኛልና።

ስለዚህ ገጸ ባሕርይ ለማሠራት የሚነሣ ወጣት ሰዓሊ ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት ቁጭ ብሎ ይጻፍ። ዕድሜዋን፣ ቁመቷን፣ የምትኖርበትን አየር፣ ልብሷ ከምን እንደ ተሠራና ማን እንደ ሠራላት፣ በእጇ የምትይዘውን ነገር እንዴት እንደምትይዘው፣ ጠባሳ ካላት ከምን እንዳገኘችው ይጻፍ። «ቆንጆ» የሚለውን ቃል ግን ይተወው፤ ሰዓሊው በዚያ ቃል ምንም መሣል አይችልም። ከበይነ መረብ የተለቀሙ የሌሎች ሰዓልያንን ሥዕሎች ልኮ «ልክ እንደዚህ» ማለትም ሰዓሊውን ወደ ቀጂነት መግፋት ነው፤ የእናቱን ነጠላ ወይም የአያቱን እንዝርት ፎቶ አንሥቶ ቢልክ ይሻላል።

ስለ ውሉ ብዙ አላትትም። እኛ በአንድ ገጽ ወረቀት ተዋዋልን፤ ግማሹን ቀብድ ሰጠኋት፤ እርሷ ደግሞ መጀመሪያ ሦስት ትንንሽ የእርሳስ ንድፎች አሳይታኝ፣ አንዱ ላይ ስንስማማ ልጅቱን ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ እንድትስል፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚጠየቅ እርማት ከሁለት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ እንዲከፈል ጽፈን ፈረምን። ንድፉ በእርሳስ እያለ እጅን ማንሣት ወይም ማውረድ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ቀለሙ ካለቀ በኋላ ግን የቀናት ልፋት ይሆናል። አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የማንረዳው ይህንን ነው።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ መካከል አንድ ነገር አመለጠኝ። ያለቀውን ሥዕል በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተቀብዬ፣ ያንኑ ለማተሚያ ቤት አስተላለፍሁት። ቴሌግራም ፎቶ ሆኖ የተላከን ምስል ይጨምቀዋል፤ በፋይልነት ሲላክ ብቻ እንዳለ ይደርሳል። በስልኬ ላይ ጥርት ያለው ሥዕል በሽፋኑ ላይ ደብዝዞ ወጣ፤ በስክሪን ላይ የሚያበራው የንጋት ሰማይም በወረቀት ላይ አመድ መሰለ፤ ስክሪን በብርሃን የሚያሳየውን ሁሉ የኅትመት ቀለም አይደርስበትምና። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ከሥዕሉ ግርጌ የነበረውን የሰዓሊዋን ፊርማ ለአርእስቱ ቦታ ለማግኘት ሲባል ቆርጠው መጣላቸው ግን የእኔ ጥፋት ብቻ አይደለም። መጽሐፉን ይዤ ስሄድላት ሽፋኑን አገላብጣ አየችውና፣ ፊርማዋ የነበረበትን ጥግ በጣቷ ዳብሳ፣ «ይሁን ጋሼ» አለችኝ። ያን ቀን ከቤቷ እንዴት እንደ ወጣሁ አላስታውስም። ሁለተኛው እትም በሙሉ ስሟ ወጥቷል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው እንደሚሆን ይደነግጋል። ብዙ ሰው ይህችን ይዞ «ከፍዬበታለሁ፣ የእኔ ነው» ይላል። ነገር ግን በዚያው አዋጅ የሥራው አመንጪ ተብሎ የመጠራት፣ ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው ሲለወጥም የመቃወም መብት፣ ኢኮኖሚያዊው መብት የማንም ቢሆን፣ ከሠሪው ጋር ይኖራል። እንግዲህ ሥዕሉ ለሽፋን ብቻ ነው ወይስ ለማስታወቂያና ለካናቴራም ጭምር፣ ሰዓሊዋስ ለሌሎች አሠሪዎች ናሙና አድርጋ ልታሳየው ትችላለች ወይ የሚለውን አስቀድሞ መጻፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

በጣና ደቅ ደሴት በሚገኘው ናርጋ ሥላሴ፣ ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር እቴጌ ምንትዋብ ተደፍተው ይታያሉ፤ አሠሪዋ በሥዕሉ ውስጥ ናቸው። እዚያው ጣና ላይ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሰዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት ሥዕል አለ። በጥንቱ ሥዕላችን ስማቸውን የጻፉት ጥቂቶች ስለሆኑ፣ ዛሬ የዚያን ዘመን ሌሎች እጆችን በስም መጥራት አንችልም። ስም ለመጻፍ ግማሽ መስመር ይበቃል፤ የእኛ ዘመን ሰዓልያን ይህ ሊጎድልባቸው አይገባም።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለወጣት ደራስያን ይጠቅሙ እንደሆነ ብዬ 23ቱን ጥያቄዎች በሰዓሊዋ ፈቃድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ። ቦታ አግኝታችሁ የምታትሟቸው ከሆነ፣ የእኔን ስም ትታችሁ የእርሷን ከላይ አድርጉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ፣ ከጎንደር