ደብተሩን ከካርቶኑ አውጪው

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። የጠባሴ ብርድ እንደምታውቂው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። በድምፅ ላክልኝ ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ያንን ነገር ስነካው ምን ልል እንደነበር ይጠፋኛል። ወረቀት ይሻለኛል። ፎቶ አንስቶ የሚልክልሽ ወንድምሽ ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከረመብኝ። "አባባ፣ ሥዕሉንም ጉዞውንም ትቻለሁ። ደብተሮቹን ካርቶን ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። አሁን ሲኒየር መሐንዲስ ልሆን ነው፣ ጊዜም የለኝም፣ የልጅ ነገር ይበቃኛል" አልሽ። እኔም "ጎበዝ!" አልኩሽ። ለምን እንዳልኩ እንጃ፣ ከአፌ አመለጠኝ። ይህን የምጽፈው ያንን "ጎበዝ" መልሼ ለመውሰድ ነው።

ሳሎን የተሰቀለውን ማሲንቆ ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነሽ "ለምንድነው የማትጫወትበት?" ስትዪኝ "ተበላሽቶ ነው" ብዬሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ። መንዝ እያለሁ ከአጎቴ ነው የተማርኩት። ፋብሪካ ከተቀጠርኩም በኋላ በሠርግ፣ በማኅበር እጫወት ነበር። ፎርማን በሆንኩ በወሩ አንድ ሠርግ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "የኛ ፎርማን አዝማሪ ሆኖ አረፈው" ብሎ አሳቀብኝ። በማግስቱ ሰቀልኩት። ይኸው 22 ዓመት። የሰውዬውን ሳቅ ዛሬም እሰማዋለሁ፤ የምናደደው ግን በራሴ ነው።

የሚገርምሽ፣ ለፎርማንነት ያበቃኝ ያው ማሲንቆ ነው። ያለው አንድ ጭራ ነው፤ ድምፁ የት እንዳለ የሚያሳይሽ ምልክት የለውም። በጣትሽና በጆሮሽ ትፈልጊዋለሽ። እንዲያ የለመደ ጆሮ የማሽን ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ብረት፣ ሊበላ ሲል ይሰማዋል። ሌላው ማሽኑ ሲጨስ ነው የሚሯሯጠው። እኔ ከሳምንት በፊት "ይቺ ማሽን ጉሮሮዋን ይዟታል" እል ነበር። መጀመሪያ ይስቁብኛል፣ በኋላ ግን ቁልፍ ይዘው ይመጣሉ።

አንቺም እንደዚያው ነሽ። አምና ለገና መጥተሽ ጣርማ በርን አብረን ስንወርድ ትዝ ይልሻል? ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጉም ዋጠን። መኪናውን ዳር አስያዝሽና፣ ጉሙ እስኪገልጥ ብለሽ፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን የድጋፍ ግንብ መሣል ጀመርሽ። እኔ ከልጆቹ ቆሎ ገዝቼ እየቆረጠምኩ አይሻለሁ። ድንጋይ በድንጋይ እየሄድሽ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተሽ፣ እርሳስሽ ቆመ። "አባባ፣ እነዚህን ቀዳዳዎች እያቸው፤ አፈር ደፍኗቸዋል።" ከዚያ አስረዳሽኝ። ቀዳዳው የውሃ መውጫ ነው። ሲደፈን ውሃው ከኋላ ይጠራቀምና ግንቡን ከአፈሩ ጋር አብሮ ይገፋዋል። በዚያ መንገድ ስንት ዘመን ተመላልሻለሁ፣ አንድ ቀን አላየሁትም። ስንቱ መሐንዲስስ በመኪና ሽው ብሎ አልፎታል! አንቺም ያየሽው ቁጭ ብለሽ ስለሣልሽው ነው። በዚያ አካባቢ ደግሞ ውሃ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። በ1998 መጀመሪያ ላይ ደብረ ሲና አጠገብ፣ ይዛባ በኩል፣ መሬቱ ተንሸራቶ ስንቱን ቤትና ማሳ ይዞ ወርዷል።

አፈወርቅ ተክሌም እኮ ከዚሁ ከኛ አገር ነው። በ1925 አንኮበር ተወልዶ፣ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። ሥዕሉ አሸነፈው። ሲመለስም መጀመሪያ አገሩን ዞሮ አየ፤ በኋላ ያንን የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል ሠራ፣ 150 ካሬ ሜትር! ይህን ስልሽ ሥራሽን ልቀቂ ማለቴ አይደለም። እናትሽ ብትሰማ ትገድለኛለች። ደሞዝሽን ያዢ።

"ጊዜ የለኝም" ላልሽው ግን የአያቶችሽን ዘዴ ልንገርሽ። የመንዝ ጓሳን፣ ያንን ደጋ የሣር ምድር፣ የአስቦና የጌራ ወገን ሰዎች ይከለክሉት ነበር። ሦስት ዓመት፣ ሲብስም አምስት ዓመት ከብት አይገባበትም፣ ሣር አይታጨድበትም። ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጠና ይከፈታል። ያኔ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ላላ፣ ጓሳም ተጎዳ። ኋላ ላይ ሕዝቡ ራሱ ተመልሶ መጠበቅ ያዘ። ዛሬ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያው አሉ።

አንቺም ቅዳሜ ከሰዓትን ከልክያት። ላፕቶፑ ገብቶ አይጋጣት። ድርቅ ሲመጣ፣ ማለቴ እውነተኛ የርክክብ ቀን ሲደርስ፣ ትከፍቻታለሽ። አለቃሽ "አንዴ ብቻ" ስላለ ግን አትክፈቺ። በዓመት አንዴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጪ። ሩቅ አይሁን፤ ጓሳን ራሱን ገና አልሣልሽውም።

ማክሰኞ ዕለት ማሲንቆውን አወረድኩት። ቆዳውን አይጥ በልቶታል፤ በፍየል ቆዳ አስለወጥኩት። ጭራ እዚህ ሞልቷል፣ ባለጋሪው ጎረቤታችን ከፈረሱ ቆርጦ ሰጠኝ። የጎደለኝ ደጋኑን የምቀባበት ሙጫ ነው፤ እዚህ ያገኘሁት አይረባም። ለፋሲካ ስትመጪ ከመርካቶ ይዘሽልኝ ነይ። ትናንት ማታ ትንሽ ሞክሬው ነበር። እናትሽ ከጓዳ ሆና "ድመት ገባ እንዴ?" አለች።

አባትሽ
ከደብረ ብርሃን