እግርህን ከመውቀስህ በፊት ጭራውን እየው

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለልጅነት ጓደኛዬ፤

እንደምን ከረምክ አንተዬ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠያየቅን ስንት ጊዜ ሆነን? መቁጠሩ ለማናችንም አይጠቅም። ስልክ በእጃችን ይዘን ሁለታችንም ዝም አልን፤ በቃ ተካክለናል። እኔ ይቅርታ አልጠይቅህም፣ አንተም አትጠይቀኝ።

የከተማውን ወሬ ባጭሩ ልንገርህ። ፋሲል ግቢ ታድሶ አምሮበታል። ፒያሳ ያው ፒያሳ ናት። ኑሮ ተወዷል፤ እሱን አንተም ትሰማዋለህ። እኔ አዘዞ መንገድ ላይ ያለችውን ጋራዥ ይዤ ቀጥያለሁ። ደብረ ዘይት ስለ አውሮፕላን የተማርኩት ሁሉ አሁን የሚያገለግለው ባጃጅና አይሱዙ ነው። እናትህን ለፋሲካ ሄጄ ጠየቅኋቸው። «ያ ልጅ አሁንም በዚያች በሠራት ነገር ይበራል?» አሉኝ። «ይበራል እማማ» አልኳቸው። በማግስቱ እህትህ የዚያችን በእጅህ የሠራሃትን አውሮፕላን ፎቶ አሳየችኝ፤ አንተ ልትሸጣት እንደሆነም ነገረችኝ።

የሆነውን ከእሷ ሰማሁ። በደህና አርፈህ፣ ፍጥነቷ ቀንሶ፣ አለቀ ባልክበት ሰዓት ወደ ግራ ጠመዘዘችብህ። ጭራዋ ቀድሞ ዞረ፣ የክንፏ ጫፍ መሬት ላሰ። አንተም «እግሬ ሰነፍ ነው፣ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብለሃል አሉ።

ቆይ እንጂ! ፎቶውን በስልኬ አስፍቼ አየሁት። ከረደሩ፣ ማለትም በፔዳል ግራና ቀኝ ከሚዞረው ከጭራዋ ቋሚ መሪ፣ ወደ ጭራው ጎማ በሚወርደው በቀኙ ሰንሰለት ላይ ያለው የሞላ መንጠቆ አፉን ከፍቷል። ሰንሰለቱ ምንም ሳይዝ ተንጠልጥሏል። ቀኝ ፔዳል ስትረግጥ የጭራውን ጎማ የሚጎትተው ያ ሰንሰለት ነው። አንተ ረግጠሃል፤ ጎማው ግን አልሰማህም። ይህ የእግር ስንፍና ነው እንዴ?

በርግጥ መንጠቆው የተከፈተው ስትሽከረከር ነው ልትለኝ ትችላለህ። ሊሆን ይችላል። ግን ብረት ይናገራል። አሁን የተከፈተ ቢሆን የተፋተገበት ቦታ ያብለጨልጭ ነበር። ፎቶው ላይ የሚታየው ጠቁሮ አቧራና ግራሶ የጠጣ ነው። እኔን ካመንክ ያ መንጠቆ ከተከፈተ ቆይቷል። ለማንኛውም በአጉሊ መነጽር እየው።

መቼም የጭራ ጎማ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። ልጅ ሆነን አዘዞ ሜዳ አጥር ላይ ተንጠልጥለን የምናየው ዳኮታ የተባለው አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ጭራው ላይ ይቀመጥ ነበር። አየር መንገዳችን በ1938 ሥራ የጀመረው በዚያው አውሮፕላን ነው። በ1928 አዲስ አበባ ተሠርታ፣ ጣልያን ወስዷት፣ በ2016 አገሯ የገባችው ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላንም አቀማመጧ እንደዚያው ነው። የዳኮታው ጭራ ጎማ ግን ከፔዳል ጋር አልተያያዘም። በነፃ ይዞራል፤ ለመነሳትና ለማረፍ አብራሪው ከኮክፒት ይቆልፈዋል። መሬት ላይ የሚጠመዘዘው በፍሬንና በሞተር ልዩነት ነው። ያንተ ትንሿ አውሮፕላን ሁለተኛ ሞተር የላትም፤ አብዛኛውን ነገር የጫነችው በእነዚያ ሁለት ቀጫጭን ሰንሰለቶች ላይ ነው።

ክብደቷ የተከማቸው ከዋናዎቹ ሁለት ጎማዎች በስተኋላ ነው። ጋሪ ሲጎትቱት ይከተላል፤ ከኋላ ሲገፉት ግን ትንሽ ከጠመመ የበለጠ መጥመም ያምረዋል። እሷም እንደዚያ ናት። ስትፈጥን ረደሩ ነፋስ ስለሚያገኝ ያቀናታል። ስትዘገይ ነፋሱ ይከዳል። ነፋሱ ከከዳ በኋላ፣ ገና ሳትቆም ያለችው ጊዜ የጭራው ጎማ ጊዜ ናት። አንተን የጣለችህም እዚያው ላይ ነው።

ከፍታውንም አትርሳ። የአዘዞ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ አንተ ያለህባት የአሜሪካዋ ኮሎራዶም የዋዛ አይደለችም። አየሩ ስስ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የፍጥነት መለኪያው የለመድከውን ቁጥር እያሳየህ፣ ጎማህ መሬት የሚነካው ከባሕር ዳርቻው 10 በመቶ ያህል ፈጥኖ ነው። የምትሸከመው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ 20 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቆላ ላይ ምንም የማይመስል የላላ ሰንሰለት ደጋ ላይ ጣጣ ያመጣል።

አሁን ወደ ሥራው። ክሪክ አምጣና ጭራዋን አንሳ። ከመንጠቆው ጀምር። ሽቦ ጠምዝዞ መንጠቆ ማድረግ ርካሽ ነው፤ ግን ክፍት አፍ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ቀን ይከፈታል። በዳዶ የሚዘጋ ማያያዣ ግዛ፣ ዳዶው እንዳይፈታ በሽቦ እሰረው። ሰንሰለቱን ዓይን በዓይን እየው። የሳሳ ቀለበት ካገኘህ ሁለቱንም ጎን ቀይር፤ አንዱን ብቻ አትቀይር።

ሞላዎቹ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው ብሎ ያስባል። አይደለም። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ጠንከር ያለ፣ በሌላው ለስለስ ያለ ሞላ የሚገባው ሆን ተብሎ ነው። እኩል ከሆኑ ጎማው መርገፍገፍ ሲጀምር አንዱ የሌላውን ንዝረት እየተቀበለ ያባብሰዋል። ልዩነት ካላቸው ግን ንዝረቱ አይገጥምም፣ ይሞታል። ስትገዛ ጥንዱን አንድ ላይ ግዛ። ከጋራዥ የተገኘ የሞተር ሳይክል ሞላ እንዳታስገባባት፤ አውቅሃለሁ።

የሰንሰለቱን ልክ ጭራዋ አየር ላይ ሳለ አታስተካክል። መጀመሪያ መሬት አስቀምጣት፣ ነዳጅም አንተም ብትኖሩባት ይሻላል። ባሌስትራው፣ ማለትም የጭራውን ጎማ የያዘው ጠፍጣፋ የብረት ሞላ፣ ሲጫነው ስለሚዘረጋ የጎማው ቦታ ይቀየራል፣ የሰንሰለቱም ርቀት አብሮ ይቀየራል። ትንሽ፣ በጣት የምትነካት ያህል ልል ትሁን። በጣም ከላላ እግርህ የጠየቀው ዘግይቶ ይመጣል፤ አንተ ደግሞ ዘገየ ብለህ ትጨምራለህ፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ይደርሳሉ። በጣም ከወጠርከው ደግሞ የጎን ነፋስ ኖሮ ረደር ረግጠህ ስታርፍ ጎማው ጠምሞ መሬት ይነካል። ረደሩ ላይ ያለውን፣ ሰንሰለቱ የሚያያዝበትን ቀንድም ቀን ከሌት ሲጎትተው ይሰነጥቀዋል። የቀንዱን ብየዳ በባትሪ መብራት እየው፣ ቀለም የተሰነጠቀበት ካለ ፍቀህ እየው።

አንዳንዶች ሰንሰለቱን ትተው በአንድ ዘንግ ያገናኙታል። ያምራል፣ ይቀላል። ውስጡ ሞላ ከሌለው ግን ጎማው የመታው ጉድጓድ ሁሉ በቀጥታ ረደሩን ይመታዋል። እኔ አልወደውም።

ከዚያ ጎማውን የተሸከመውን ክፍል ፍታ። እዚያ ውስጥ መቆለፊያ ጥርስ አለ። ጎማው እስከተወሰነ ማዕዘን ድረስ ፔዳልህን ይሰማል፤ ከዚያ ካለፈ ጥርሱ ይለቅና በነፃ ይዞራል። ወደ ማቆሚያ በእጅ ገፍተህ ስታስገባት የሚጠቅምህ ያ ነው። ጥርሱ ወይም የሚቀመጥበት ጎድጎድ ከተበላ ያለጊዜው ይለቃል። ስታርፍ ከለቀቀ ደግሞ መሪ የለህም ማለት ነው፤ ሰንሰለቱ ሙሉ ቢሆን እንኳ አያድንህም። አሸዋ የበላ ግራሶ ጥርሱን ሊያጣብቀውም ይችላል። ያኔ ሰው ጭራዋን በጉልበት ሲያዞራት የመሪው ክንድ ይታጠፋል። የድሮውን ግራሶ በቤንዚን እጠበው፣ ጫፉ የተሳለ ይሁን የደነዘ በጥፍርህ ዳሰው። በእጅህ ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ አዙረው፣ የሚለቅበትን ማዕዘን ምልክት አድርግ። ወደ ግራም እንዲሁ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ችግሩን አገኘኸው።

ባሌስትራውንም ከጎን ሆነህ እየው። ዕድሜ ጠገብ ከሆነ ተዘርግቶ ይተኛል፤ ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ማዕዘኑ ይበላሽና መርገፍገፍ ይጀምራል። የተርገፈገፈ ጭራ ደግሞ ባሌስትራውን የያዘውን ብሎን ይበላል። ያ ብሎን ከውጭ ጤነኛ ይመስላል፤ ሳታወጣው እንዳታምነው። እሱን ለመቀየር ገንዘብ አትሰስት።

የእናንተ አገር ሕግ ደግሞ ላንተ ይመቻል። ከግማሽ በላይ በእጅህ የሠራሃት ስለሆነች ፈቃዱን ካወጣህ ዓመታዊ ምርመራዋን ራስህ ትፈርማለህ። እዚህ ሆኜ ስሰማው ያስቀናኛል። አስመላሽ ዘፈሩ በ2007 በገዛ እጁ የሠራትን አውሮፕላን ይዞ ሲወጣ አገር ጉድ ብሎ ነበር፤ እናንተ ዘንድ ሰው ከጓሮው ሠርቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ይበራል።

እግርህ ፈጽሞ ጥፋት የለበትም አልልህም፤ ጭራ ላይ የምትቀመጥ አውሮፕላን እስክትቆም ድረስ እግር አታሳርፍም። ጥገናው ሲያልቅ ግን መጀመሪያ በእግር ጉዞ ፍጥነት ብቻ ሜዳው ላይ አሽከርክራት፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም። ከዚያ አስተማሪ ከጎንህ አስቀምጥና እረፍ። ያኔ አሁንም ከጠመዘዘችህ ስለ መሸጥ እናወራለን። ለጊዜው ለገዢ የሰጠኸው ቃል ካለ አንድ ሰበብ ፈልግና አቆየው።

የመቆለፊያውን ጥርስ ስትፈታ በቅርብ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ከጎኑ ሳንቲም አስቀምጥ መጠኑን እንዳየው። የቀኙንና የግራውን ማዕዘንም ጻፍልኝ። በመልእክት ከላክህልኝ ኔትወርክ ሲመጣ አየዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብትደውል ደግሞ ቤት ነኝ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። እናትህ ደግሞ በርበሬ ልከውልሃል፣ ሰው ሲገኝ ይደርስሃል።

ወንድምህ፣
ከጎንደር