የሕዝብ ትምህርት በነጻ ፎርማት እንዲሰራጭ
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመንግሥት ገንዘብ የሚዘጋጁ ቪዲዮዎችና የድምፅ ትምህርቶች ከፓተንት (የፈጠራ ባለመብትነት) ክፍያ ነጻ በሆነ ፎርማት (የፋይል አቀራረጽ ዓይነት) እንዲሠራጩ ስለመጠየቅ

በሰሜን ሸዋ ዞን፣ መንዝ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይቲ መምህር ነኝ። ኮምፒውተሮቻችን ያረጁ በመሆናቸው ፌዶራ የተባለውን፣ በነጻ የሚሠራጭ የሊኑክስ ኮምፒውተር ማስኬጃ ስርዓት ጭነንባቸው በደህና ሲሠሩ ቆይተዋል። ባለፈው ዓመት የፊዚክስ ትምህርት ቪዲዮዎች በፍላሽ ደረሱን፤ ከፍተን ለተማሪዎች ልናሳይ ስንል ግን ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ሳይመጣ ቀረ። የጎደለውን ክፍል ከኢንተርኔት ለማውረድ ደብረ ብርሃን ድረስ ወረድኩ። እስክመለስ ድረስ የትምህርቱ ሳምንት አልፎ ነበር።

ፍላሹም ኮምፒውተሩም አልተበላሹም። ቪዲዮዎቹ የተቀረጹት እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣውና ኤች.265 በተባለው፣ ቪዲዮን አሳንሶ በሚያስቀምጥ ፎርማት ነው። በዚህ ፎርማት ላይ ብዙ ኩባንያዎች ፓተንት ስላላቸው ክፍያው ሲሰበሰብ የቆየው የብዙ ባለመብቶችን ፓተንት በአንድነት በሚያስተዳድሩ፣ ከአንድ በላይ በሆኑ ማኅበራት በኩል ነው። እንደ ፌዶራ ያለ ክፍት ምንጭ፣ ማለትም ማንም ቀድቶ ለሌላ እንዲሰጠው የተፈቀደ ሶፍትዌር ስንት ቅጂ እንደተሠራጨ የሚቆጥረው ስለሌለ፣ በየቅጂው የሚጠየቅን ክፍያ ሊከፍል የሚችል አካል አይኖርም፤ ስለዚህ ፌዶራ ኤች.265ን የሚያጫውተውን ክፍል ሳይይዝ ይደርሰናል። እ.ኤ.አ. በ2022 ፌዶራ በግራፊክስ ካርድ (በኮምፒውተሩ የምስል ማቀናበሪያ ክፍል) በኩል ኤች.265ንና ከእሱ በፊት የነበረውን ኤች.264ን የማጫወት አቅምን ከስርዓቱ ያስወገደው የፓተንቱን ሕጋዊ ስጋት በመሸሽ ነው።

ፓተንት የሚጸናው በተመዘገበበት አገር ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ፈጠራ መብት በወጣው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት እዚህ ያልተመዘገበ ፓተንት እኛን አያስገድድም የሚል ይኖራል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩ ተዘጋጅቶ የሚወጣው በአሜሪካ ሕግ ሥር በመሆኑ፣ እዚያ የተቆረጠው ተቆርጦ ይደርሰናል። ኤምፒ3 የተባለው የድምፅ ፎርማትም የፈቃድ ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2017 እስኪያበቃ ድረስ በዚሁ ምክንያት ከብዙ ነጻ ስርዓቶች ውጭ ቆይቷል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ግን ያን ያህል ዓመት አይጠብቅም።

ለድምፅ እ.ኤ.አ. በ2012 መደበኛ ደረጃ የሆነው ኦፐስ፣ ለቪዲዮ ደግሞ ቪፒ9ና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኤቪ1 ያለ ክፍያ እንዲሠራባቸው የቀረቡ ናቸው። ኤቪ1 ላረጁ ማሽኖች ስለሚከብድ ለእንደኛ ዓይነት ትምህርት ቤት ቪፒ9 ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ስለ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በሚያወጣው መመሪያ ውስጥ ፎርማትንም እንዲያካትት፣ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተነጋግሮም በጨረታ ሰነዶች ላይ ቪዲዮ በቪፒ9፣ ድምፅ በኦፐስ ጭምር እንዲቀርብ የሚያስገድድ አንቀጽ እንዲያስገባ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፋይሎቹ አዲስ አበባ ላይ አንድ ጊዜ ቢቀየሩ በየወረዳው ያለ መምህር ለየብቻው አይደክምም። እኔ የቀየርኳቸውን የፊዚክስ ቪዲዮዎች፣ ከአሠራሩ ማብራሪያ ጋር፣ ለሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአይቲ መምህር፣ መንዝ፣ ሰሜን ሸዋ